በሰከንድ ሠላሳ ፊደል

አብዱልጀሊልን አልወደውም። ይህን ከመነሻው የምናገረው፣ ኋላ ስለ እሱ አንድ ሁለት ደግ ነገር ሲያመልጠኝ ታርቀዋል ብሎ የሚያስብ እንዳይኖር ነው። አልታረቅንም።

ጠባችን የ2003 ዓ.ም. ነው። ያኔ ወልድያ፣ ስሙን በማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት የመረጃ ሠራተኛ ነበርኩ። የየወረዳውን ሪፖርት ሰብስቤ በስልክ መስመር ወደ ባሕር ዳር የምልከው እኔ ነበርኩ፤ በሞደም። ሞደም ለማያውቅ፣ ኮምፒውተርንና የስልክ ሽቦን የሚያገናኝ፣ ሲደውል ጆሮ የሚበሳ ጩኸት የሚያሰማ ትንሽ ሳጥን ነው። አሥራ አንድ ዓመት አብረን ሠራን። ከዚያ ፈጣኑ መስመር ገባ። አብዱልጀሊልም ከግራና ከተማ መጥቶ የንብረት ኃላፊ ሆነ፤ ገና ጢሙ በወጉ ያልወጣ ሰው። በመጀመሪያው ወሩ የሚወገዱ ዕቃዎችን ዝርዝር አወጣ። ተራ ቁጥር 14፣ ሞደም፣ ብዛት 1፣ ሁኔታ፣ የማያገለግል። ፈረመ፣ ማህተም መታ። በቀጣዩ ወር ደግሞ የኔ የሥራ መደብ ከእንግዲህ አያስፈልግም ብሎ ለአለቆቹ ጻፈ። ሞደሙን ከተጣለበት አንስቼ በሻርፔ ጠቀለልኩና መርሳ ቤቴ ገባሁ። ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ሳገኘው ፊቴን አዙሬ ነው የማልፈው።

በ2014 ነሐሴ ማለቂያ ላይ እሱ ራሱ ደጄ ድረስ መጣ።

ጦርነቱ አገርሽቶ ቆቦ ተይዟል። የወልድያም ሰው ፍራሹን በባጃጅ ጭኖ ወደ መርሳ ወርዷል። ትምህርት ቤቶቹ አፍ እስከ ገደፋቸው ሞልተዋል። ኔትወርክ የለም፣ መብራት የለም፣ መድኃኒት ቤቶቹም ካለፈው ዓመት ዝርፊያ ገና አላገገሙም። አብዱልጀሊል የእርዳታ ኮሚቴው ጸሐፊ ሆኗል። እሱ ካልሆነ ማን ይሆናል፤ ዝርዝር ባለበት ሁሉ እሱ አለ።

ጫማውን አውልቆ በሩ ላይ ቆመ። ግባ አላልኩትም። አሰላሙ አለይኩም አለ፤ ሰላምታ መመለስ ግዴታ ነውና መለስኩ። ከዚያ ቆሞ ነገሩን ነገረኝ። ኢንሱሊን የሚወጉ የስኳር ሕመምተኞች፣ ተፈናቃዩም ነዋሪውም ተደምሮ፣ አራት መቶ አሥራ ሁለት ሰዎች አሉ። ደሴ ያለ አንድ መጋዘን ለአንድ መኪና፣ ለአንድ ጊዜ ብቻ፣ የማለፊያ ወረቀት አግኝቷል። መኪናው ከነገ ወዲያ ስድስት ሰዓት ላይ ይጭናል። የሚጭነው ግን በስም ነው። ለእያንዳንዱ ሕመምተኛ ስሙ የተጻፈበት እሽግ ይወጣል፤ ስሙ ላልደረሰ አንድ ብልቃጥ አይወጣም፤ መድኃኒቱ ጥቂት ነው፣ የሚጠብቀውም ከተማ ብዙ ነው። ዝርዝሩን በሰው እንዳይልኩ መንገዱ ለሲቪል ዝግ ነው። የሚሠራው አንድ የድሮ የስልክ መስመር ብቻ ነው፣ እሱም የስልክ ጣቢያው ጄኔሬተር ሲነሳ በቀን ሃያ አምስት ደቂቃ። አራት መቶ አሥራ ሁለት ስም ከነዕድሜው፣ ከነመድኃኒቱ፣ ከነመጠኑ በሃያ አምስት ደቂቃ በቃል አንብቦ ማስጻፍ አይቻልም።

አስጨረስኩት። የሚፈልገውን ገና ሲጀምር አውቄዋለሁ፤ ግን በራሱ አፍ እንዲለው ፈለግሁ።

«እትዬ ሀፍሳ፣ ያ ሞደም አለ ይሆን?» አለ።

«የትኛው? የማያገለግለው?»

አንገቱን ደፋ። ደስ አለኝ፤ አልዋሽም። ሰው ሊሞት ነው እየተባለ ደስ የሚላት ሴት ነኝ።

በማግስቱ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ መስመሩ ያለበት የእህል መጋዘን ቢሮ ተገናኘን። ሞደሙን ከባጃጅ ባትሪ ጋር አገናኘሁት። አሮጌውን ላፕቶፔን አመጣሁ፤ ከጎኑ የሞደሙን ገመድ የሚቀበል ቀዳዳ ያለው እሱ ብቻ ነው። አጠገባችን ጄኔሬተሩን የሚጠብቀው ወልዴ ናፍጣውን በሃይላንድ ጠርሙስ ለክቶ ያፈስሳል፤ ከዚያች ጠርሙስ በላይ ጠብታ አይጨምርም፣ የቀረው ለጤና ጣቢያው ነው። ደሴ ያለችው የመጋዘኑ ፋርማሲስት ህሊና ትባላለች። እሷም ከዕቃ ክፍል አንድ የቆየ ኮምፒውተር ከነሞደሙ አስወጥታለች። የምልከው ጽሑፍ መስመር በመስመር እየገባ እንዲቀመጥላት ምን እንደምታደርግ በስልክ አስረዳኋት። እንዲህ ከሆነ መስመሩ ቢቋረጥ እንኳ የገባው ገብቷል።

አብዱልጀሊል ሞደሙን ገልብጦ ሆዱ ላይ የተጻፈውን አነበበ። ሃምሳ ስድስት ሺህ ይላል፣ ስለዚህ በሰከንድ ሃምሳ ስድስት ሺህ ፊደል ያሳልፋል፣ ዝርዝሩ ዐይን ሳይጨፈን ያልቃል አለኝ። የኮሚቴውን ማህተም ፎቶ አንስቶ አብሮ ለመላክም አስቧል። ለእሱ ማህተም የሌለው ዝርዝር ዝርዝር አይደለም።

እንዴት እንደወረድኩበት አልረሳውም። ሃምሳ ስድስት ሺው ቢት ነው አልኩት። አንድ ባይት እንዲሆን ስምንት ቢት መሰብሰብ አለበት፣ ጽሑፍ ደግሞ የሚለካው በባይት ነው፤ ለስምንት ስታካፍለው ሰባት ሺህ ነው። ሰባት ሺውም ሽቦው ጤነኛ ሲሆን ነው። ይህ ሽቦ በደርግ ጊዜ ተዘርግቶ፣ አምና በከባድ መሣሪያ ተበጥሶ፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ የተቀጠለ ነው። ዘጠኝ ሺህ ስድስት መቶ ላይ ሞከርኩት፣ ወደቀ። አንድ ሺህ ሁለት መቶ ላይ ሞከርኩት፣ ወደቀ። ወደ ሦስት መቶ ቢት ሳወርደው ያዘ። በእንዲህ ያለ አሠራር ደግሞ እያንዳንዱ ባይት የመነሻና የማቆሚያ ምልክት ይጨመርበትና አሥር ቢት ይሆናል። ሦስት መቶ ለአሥር፣ ሠላሳ። በሰከንድ ሠላሳ ፊደል። የማህተምህ ፎቶ ሁለት መቶ ሺህ ባይት ቢሆን አንድ ሰዓት ከሃምሳ ደቂቃ ይፈጃል፤ ወልዴ ናፍጣ የሚቀዳው ለማህተምህ ነው ወይ አልኩት።

ማህተሙን ተወው። ወረቀት አውጥቶ ያልኩትን ቁጥር ሁሉ ጻፈ። እሱ እንዲህ ነው፤ ስትሰድበው ይጽፋል።

ከዚያ የኔን ስሌት ሠራሁ። አንዱ መስመር፣ ስሙ፣ ያባቱ፣ ያያቱ፣ ዕድሜው፣ መድኃኒቱ ተደምሮ፣ ወደ ስልሳ ፊደል ይሆናል። ስልሳ በአራት መቶ አሥራ ሁለት፣ ሃያ አራት ሺህ ሰባት መቶ ሃያ። ለሠላሳ ሲካፈል ስምንት መቶ ሃያ አራት ሰከንድ። አሥራ አራት ደቂቃ እንኳ አይሞላም። አሥራ አንድ ደቂቃ ይተርፈናል ብዬ እርሳሱን ወረወርኩ።

አብዱልጀሊል ወረቀቱን አየ፣ እኔን አየ። ከዚያ ፈራ ተባ እያለ አንድ ነገር አለ። ስልክ ላይ መልእክት ስጽፍ በአማርኛ ከሆነ ቶሎ ይሞላብኛል፣ በላቲን ፊደል ስጽፈው ግን ከእጥፍ በላይ ይይዝልኛል፤ ምናልባት ስሞቹን በላቲን ብንጽፋቸው ይሻላል ይሆን? እኔ ሌሊቱን ቁጭ ብዬ እገለብጠዋለሁ አለ።

አሁን ሳስበው ፊቴ ይግላል። ያን ቀን ግን ሳቅሁበት። ወልዴ እየሰማ፣ ህሊናም በስልኩ ውስጥ እየሰማች።

«እኔ አሥራ አንድ ዓመት አማርኛ ሳስተላልፍ አንተ የት ነበርክ? ፊደል ፊደል ነው። የሰውን ስም በፈረንጅ ፊደል አበላሽተህ ታዳለች ይሁን ታደለች ሳይታወቅ እሽጉን ለማን ልትሰጥ ነው?»

ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ።

ዝርዝሩን በፍላሽ ሰጥቶኝ ሄደ። ማታ በጧፍ ከፈትኩት። ያየሁት ግን የፋይሉን መጠን አልነበረም፤ የሱን ዘመዶች ነበር። ወላሂ፣ ከላይ ያሉትን ሃምሳ ስሞች አንድ በአንድ ነው የመረመርኩት፤ የግራና ሰው ከላይ ተሰግስጎ ባገኝ በማግስቱ ሰው ፊት ላዋርደው። አንድም አላገኘሁም። ስድስተኛው መስመር ላይ ያገኘሁት የራሴን ስም ነው። ሀፍሳ እንድሪስ አሊ፣ ዕድሜ 58፣ ኢንሱሊን፣ ጠዋት 20፣ ማታ 10። ያኔ ወልድያ ቢሮ ሳለን ከመዝገብ ቁም ሳጥኑ ጀርባ ስወጋ አይቶኛል ማለት ነው፤ መጠኑን ደግሞ ከጤና ጣቢያው መዝገብ ወስዶት ይሆናል። ማን ጻፈኝ አለው ብዬ በጣም ተናደድኩ። የሕመሜን ነገር ለጎረቤት እንኳ ነግሬ አላውቅም።

በንዴቴ ላፕቶፑን ዘጋሁት። የፋይሉን መጠን ማየት ሁለት ሰከንድ ይፈጅ ነበር።

በቀጠሮው ቀን ሦስት ሰዓት ሲሆን ጄኔሬተሩ ተነሳ። ደወልኩ፣ ሞደሙ ጮኸ፣ የደሴው መለሰለት፣ ተያያዙ። መላክ ጀመርኩ። መስመሮቹ በመስኮቱ ላይ ወደ ላይ መሄድ ጀመሩ። አምስት ደቂቃ ሲሞላ ተራ ቁጥሩን አየሁ፤ መቶ ሃምሳ መድረስ ነበረበት፣ ሃምሳ ሰባት ላይ ነው። ሽቦው ነው አልኩ። አሥር ደቂቃ ሲሞላ መቶ አሥራ ሰባት። አብዱልጀሊል ከኋላዬ ቆሞ ሰዓቱን ያያል።

አሥራ አራተኛው ደቂቃ ላይ፣ ሁሉም ያልቃል ባልኩበት፣ መቶ ስልሳ አምስት ላይ ነበርን። ያኔ ገባኝ። እኔ አማርኛ እልክበት በነበረው ዘመን የነበሩት ፕሮግራሞች የኛን ፊደል በላቲኑ ፊደል ቦታ ላይ የሚስሉ ነበሩ፤ አንድ ፊደል ቢበዛ ሁለት ቦታ ይዞ ያልፋል። አሁን ግን የኛ ፊደል የራሱ ቦታ ተሰጥቶታል። ለዚያም አንዱ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል፣ ላቲኑ አንድ። ቁጥሩና ክፍተቱ አንድ አንድ ባይት ብቻ ቢይዙም፣ የእኔ ስልሳ ፊደል መቶ ሃምሳ ባይት ሆኖ ነበር የሚሄደው። አብዱልጀሊል ይህን ሁሉ አያውቅም፤ የስልኩን መልእክት ብቻ ነው ያየው። ግን አይቷል።

አቁሜ እንደ አዲስ ልጀምር? በላቲን የተጻፈ ዝርዝር የለንም። ቀጠልኩ። ከዚያ በኋላ የነበሩት አሥራ አንድ ደቂቃዎች ይተርፉናል ያልኳቸው መሆናቸውን እያሰብኩ፣ ተራ ቁጥሩን እያየሁ ተቀመጥኩ። በሃያ አምስተኛው ደቂቃ ጄኔሬተሩ አንድ ሁለቴ ተንተፋተፈና ቆመ። መስመሩ ሞተ። የመጨረሻው ተራ ቁጥር 297 ነበር።

ተነስቼ ወደ ወልዴ ሮጥኩ። አንድ ጠርሙስ ብቻ ብዬ ለመንኩት፤ እኔ ሰው ለምኜ አላውቅም። ጀሪካኑን ገልብጦ አሳየኝ። የዛሬው ናፍጣ ከኩታበር በኩል ገና አልመጣም፣ ያለውን ጤና ጣቢያው ወስዶታል፤ እዚያ በመብራት የተኛ ሰው አለ አለኝ። ነገ ሦስት ሰዓት ተመለሺ አለ። መኪናው የሚጭነው ዛሬ ስድስት ሰዓት ነው።

ስመለስ አብዱልጀሊል እዚያው ቆሟል። ምን ያህል ሰው እንደቀረ አውቄ ነበር፤ መቶ አሥራ አምስት። ግን እጄ አላርፍ ብሎ የቀሩትን ስሞች ማየት ጀመርኩ። የመጨረሻው መስመር ላይ ደረስኩ። 412፣ ዘሀራ አብዱልጀሊል ሰይፈዲን፣ ዕድሜ 9።

«ይህች ያንተ ናት?»

«የኔ ናት።»

«ለምን መጨረሻ አደረግሃት?»

«ዝርዝሩን የጻፍኩት እኔ ነኛ፣ እትዬ ሀፍሳ» አለ። «ሰው ምን ይለኛል?»

ይህን ሲል ድምፁን ከፍ አላደረገም። ስድብ ጠበቅሁ፣ ዕንባም ጠበቅሁ። ፍላሹን ነቅሎ አመሰገነኝና ወጣ።

ያን ሌሊት መቶ አሥራ አምስቱን ስም ላፕቶፔ ላይ ካስቀረሁት ቅጂ በላቲን ገለበጥኩ። በማግስቱ ላክሁት፤ ስድስት ደቂቃ ከሃያ ሦስት ሰከንድ ፈጀ። አንዱ ፊደላችን በላቲን ሁለት ያህል ስለሚሆን መስመሩ ወደ መቶ ባይት ነው፤ ሁሉንም ዝርዝር በላቲን ብንልከው ኖሮ ስንት ይፈጅ እንደነበርም አስልቻለሁ፤ ሃያ ሦስት ደቂቃ። ሁለት ደቂቃ ይተርፍ ነበር። ህሊና ስሞቹን ተቀበለች። ከዚያ መኪናው ትናንት ጭኖ ወጥቷል፣ የሚቀጥለው ማለፊያ መቼ እንደሚገኝ አላውቅም አለችኝ።

መኪናው በሦስተኛው ቀን መርሳ ገባ። እደላው ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ነበር። አብዱልጀሊል ጠረጴዛ ላይ መዝገቡን ዘርግቶ በተራ ቁጥር ይጠራል፤ የተጠራው ይፈርማል፣ እሽጉን ይወስዳል። ስማቸው እንደማይጠራ የሚያውቁትም መጥተው አጥሩ ጥግ ቆመዋል። በመካከላቸው አንዲት ሴት ዐይኗ የጎደጎደ ልጅ አዝላለች። የዘጠኝ ዓመት ልጅ አይታዘልም። ልጅቷ ካልታዘለች በስተቀር መቆም ስለማትችል ነው የታዘለችው።

ሀፍሳ እንድሪስ ተባለ። ሄድኩ። እሽጉን አነሳሁና መልሼ ጠረጴዛው ላይ፣ ፊቱ አስቀመጥኩት።

«ለልጅህ አድርገው» አልኩት።

የኔ ስኳር የትልቅ ሰው ስኳር ነው፤ በኪኒንም፣ እህል በመቀነስም ጥቂት ሳምንት ይገፋል። የልጅ ስኳር ቀን አይሰጥም። ይህን እሱ ከኔ በላይ ያውቃል። አልነካውም። ስሙ የርስዎ ነው፣ ደሴ የላከው ለርስዎ ነው፣ እኔ ከሌላ ሰው ስም ላይ አንስቼ ለልጄ ልሰጥ አልችልም፣ እነዚያ ሁሉ እያዩኝ አለ። አጥሩ ጥግ ያሉት በእርግጥም ያዩን ነበር። ሰውዬው ልጁ እየሞተች ዝርዝር ይጠብቃል። ያኔ የዱሮው ጥላቻዬ በሙሉ መጣ፤ ለመጀመሪያ ጊዜም ጠቀመኝ።

«አንተ ሰው» አልኩት፣ ግቢው ሁሉ እንዲሰማ። «ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት እኔን ከነዕቃዬ አስወግደህ ስትፈርም እጅህ አልተንቀጠቀጠም። ዛሬም ሰርዘኝ። የማታገለግል ብለህ ጻፍና ፈርም።»

እስክሪብቶውን አነሳ። ስድስተኛው መስመር ላይ በስሜ ላይ መስመር አሰመረ፤ ጎኑ የልጁን ስም ጻፈ። ለመፈረም ሲል ግን ቦታው ጠፋበት። ዝርዝር ሲፈርም የኖረ ሰው የት እንደሚፈረም ጠፋው። ጣቴን አስቀምጬ አሳየሁት።

ሁለተኛው መኪና የመጣው በአሥራ አንደኛው ቀን ነው። ከቀሩት መቶ አሥራ አራት ሰዎች አራቱ አልደረሱበትም። ሁለቱ የቆቦ ሰዎች ናቸው፣ አንዷ ሲሪንቃ መንገድ ዳር ቲማቲም ትሸጥ የነበረች ናት፣ አንዱ ደሞዜ የሚባል የወልድያ መምህር ነው። የአራቱንም ስም በላቲን የገለበጥኩት እኔ ነኝ። የአራቱም ቀብር ላይ ቆሜያለሁ። አብዱልጀሊልም አራቱም ላይ ነበር፤ ከኔ ትንሽ ራቅ ብሎ።

ዘሀራ አሁን ትምህርት ቤት ትሄዳለች። በደጄ ስታልፍ እትዬ ሀፍሳ ብላ ሰላም ትለኛለች። ሞደሙ ሳጥኔ ውስጥ ነው። አባቷን አሁንም መንገድ ላይ ሳገኘው ፊቴን አዞራለሁ፤ ምክንያቱ ግን የዱሮው አይደለም። ያን ቀን መጋዘኑ ውስጥ ሊለው ይችል ነበር። ትምህርት ቤቱ ግቢ፣ ሰው ሁሉ እያየ ሊለው ይችል ነበር። አራቱም ቀብር ላይ ሊለው ይችል ነበር፤ ብሎኝ ቢሆን ኖሮ እመልስለት ነበር፣ እንጣላ ነበር፣ ይወጣልኝ ነበር።

አብዱልጀሊል እስከ ዛሬ አንድ ቀን እንኳ «ብዬዎት ነበር» አላለኝም።